ካርቶን የተከደነበት ብርጭቆ

«ውሃው ሞላ ልጄ፣ ሌሊቱ ጨለመ፣
ነፋሱ አገሣ፣ ሸምበቆው ታመመ፤
እኔ እስክመለስ፣ ፋኖሱን አብሪልኝ፣
አደራ የኔ ልጅ፣ እም… እም… ጠብቂልኝ።»

እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሰናከላለች። ድንቹ ይላጣል፣ ዜማው ከአፍንጫዋ ይፈስሳል፣ አንዲቱ ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ሙሪየል ፓስክ ቢላዋዋን ታሳርፍና ግድግዳውን ታያለች። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ይስቃሉ። ከሳቁ መሃል የአንዱን ትለየዋለች፣ የሴድሪክ ክላበርንን። ቃሏን የነጠቃት እሱ ነው።

ሙሪየል የ«ነጭ ዋላ» ወጥ ሠሪ ናት። ነጭ ዋላ የከተማችን የኔዘርፌን መጠጥ ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ረጅም ሰው ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ግንባሩን የገበረለት፣ ወለሉ በወንዝ ጭቃና በቢራ የጠቆረ፣ ብርድ ከገባ እሳቱ የማይጠፋ ቤት። እሑድ ቀትር ላይ የከተማው ሰው ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ከአልጋው ተነሥቶ እዚያ ይከማቻል። ሙሪየል የበሬ ጥብሷን፣ በስብ የተጠበሰ ድንቿን፣ ምድጃ ውስጥ እንደ ጎጆ ጣራ ተነፍቶ የሚወጣውን የሊጥ ፑዲንጓን፣ ወፍራም መረቋን በትንሿ መስኮት ታሳልፋለች። ፀጉሯ ሸበተ እንጂ እጇ አልሸበተም። እንዲህ ያለችው ወጥ ሠሪ ግን እዚያ ቤት አንዲት ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም። መረቁን እንኳ የምትመጥነው በምላሷ አይደለም፣ በአፍንጫዋ ነው።

የቤቱ ባለቤት ብሬንዳ መጀመሪያ ሰሞን ትለምናት ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ቁጭ በይና ብይ እንጂ! ወጥ ሠሪዋ የማትቀምሰው ምን ጨምራበት ነው ይሉኛል እኮ!»

«ቤቴ እበላለሁ፣ ዳክዬዬ።» በኛ ከተማ ወዳጅ የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ቤትሽ ምን አለ?»

«ዳቦና አይብ።»

«ጥብስ ስትጠብሺ ውለሽ ዳቦና አይብ! ወይ ጉድ!»

ጉድ አልነበረም፣ መሐላ ነበር። የአባቷ ዘፈን ወደ ባለቤቱ ስም እስኪመለስ ድረስ በነጭ ዋላ ጣሪያ ሥር ላትቀመጥ፣ ላትቀምስ ምላ ነበር።

አባቷ ሆሬስ ፓስክ ወንዝ ጠባቂ ነበር። የኛ አገር ከወንዙ በታች ናት፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውሃው ከጣሪያችን ከፍ ብሎ ሲያልፍ፣ በእኛና በእሱ መካከል ያለው ከአፈር የተደለደለ ግድብ ብቻ ነው። ዛሬ ፓምፕ አለ፣ ቢሮ አለ፣ ስልክ አለ። ያኔ የነበረው ሆሬስ ነው፣ ፋኖሱን ይዞ፣ በዝናብ ውስጥ፣ ግድቡ ላይ ወዲያና ወዲህ። ዘፈኑን ከአባቱ ወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። ሙሪየል እናቷን አታውቃትም። ውሃ በሞላ ቁጥር አባቷ ቦቲውን እያጠለቀ ያንን ዘፈን ይዘፍንላትና፣ እሷ መስኮቱ ላይ ፋኖስ ታበራለች። መብራቷን ከሩቅ እያየ ያድራል።

ነጭ ዋላ ውስጥ እሑድ ከምሳ በኋላ ይዘፈናል፤ ዘፈን ደግሞ ባለቤት አለው። የፐርሲ ዘፈን የፐርሲ ነው፣ የሆሬስ የሆሬስ። ባለቤቱ ታሞ ቢቀር ዘፈኑም አብሮት ታሞ ይተኛል እንጂ ሌላ አፍ አይነካውም። የሰው ዘፈን ከመዝፈን የሰው ሚስት አቅፎ መደነስ ይሻላል ይባላል፤ እሷስ ቢያንስ እንቢ ማለት ትችላለች። ባለቤቱ ሲሞት ለልጁ ያልፋል። ከሆሬስ ጋር ወንዝ የሚጠብቀው ፐርሲ የዘፈኑ ዳኛ ነው፤ የዶሚኖ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ያጮኽና «ጸጥታ፣ ወገኖቼ፣ ጸጥታ!» ይላል። ዘፈኑ ሲያልቅ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ የዘፋኙን ስም ይመልሳል። ማኅተሙ ያ ነው።

አንድ ክረምት ሆሬስን ጉሮሮው አመመው። ድምፁ ተዘጋ። እሳቱ አጠገብ ያለችው ወንበሩ ላይ እንደወትሮው ተቀምጦ፣ ተራው ሲደርስ በእጁ ጉሮሮውን አሳየ። ይለፈኝ ማለቱ ነበር። ያን ቀን ሴድሪክ ክላበርን ለቤቱ ሁሉ ቢራ አስቀድቷል። የአባቱን የድንች እርሻ ከወረሰ ገና መንፈቁ ነው፤ ፊቱ የቀላ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሳቁ ከሱ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ ጎረምሳ። ተነሣ።

«ሆሬስ ካቃተው እኔ እዘፍንለታለሁ!»

ሆሬስ ጣቱን አንሥቶ እንቢ አለው። ሴድሪክ ግን ጀምሯል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ድምፁ ያምራል። ማር የተቀባ ድምፅ ነው። ሲጨርስ ፐርሲ ዶሚኖውን እንደጨበጠ ዘገየ። ከዚያ በሟሸሸ ድምፅ «የማን ነው?» አለ። የሴድሪክን ቢራ የጨበጠው ቤትም መለሰ፦

«የሴድሪክ!»

ሆሬስ ተነሣ። በግማሽ የደረሰ ቢራውን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ከብርጭቆው ሥር ያለችውን ክብ ካርቶን አንሥቶ የብርጭቆውን አፍ ከደነባት። ይህን የማያውቅ የነጭ ዋላ ሰው የለም። የተከደነ ብርጭቆ «እመለሳለሁ፣ እንዳትነኩት» ይላል። ሽንት ቤት የሚሄድም ይከድናል፣ ከሚስቱ ጋር ሊጣላ ብቅ የሚልም ይከድናል። ከድኖ ጦር ሜዳ የሄደ አለ ይባላል። ሆሬስ ኮቱን ለበሰና ወደ ዝናቡ ወጣ። ሴድሪክ ካርቶኗን በጣቱ ጫፍ ፈንጥሮ ጣላት። ቢራውን ጨለጠው። ሰው ሳቀ። እሱም ተመቸውና የሆሬስ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሆሬስ አልተመለሰም፣ ድምፁም አልተመለሰም። ጉሮሮው ውስጥ የገባው ብርድ ብቻ እንዳልነበረ ቆይቶ ታወቀ። በመጨረሻው ሰሞን ትራስ ተደግፎ፣ ሙሪየል እጁን ይዛ፣ ዘፈኑን በከንፈሩ ብቻ ይዘፍን ነበር። ከንፈሩ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። እሷ ከንፈሩን እያየች ታለቅስ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ነጭ ዋላ ወጥ ሠሪ ፈለገ፤ ሙሪየል ሽርጧን ይዛ ሄደች። ሰው «ይቅር አለች፣ የተባረከች!» አለ። በእኛ ከተማ እግሩን የረገጥከው ሰው ነው አንተን «ይቅርታ» የሚልህ፤ ስለዚህ ቂም በፊታችን ሲያልፍ የሚያየው ዓይን የለንም። እሷ ግን ቂሟን የያዘችው እንደ መረቅ ነው፣ ከታች እሳት፣ ከላይ ጸጥ ያለ ስብ።

ትንንሽ በቀሎች ነበሯት። ከፑዲንጎቹ መሃል ሳይነፋ የቀረው፣ እንደ እንቁራሪት የተጋደመው፣ የሴድሪክ ነው። ከሥጋው ጅማቱ፣ ከድንቹ የጠቆረው የሱ ነው። ሴድሪክ አንገቱን በመስኮቷ ያሰግጋል።

«ሙሪየል! ይሄ ፑዲንግ ነው ወይስ የቦቲዬ ሶል?»

«ቦቲህን ገልብጠህ እየው። ሶሉ ካለ ፑዲንግ ነው።»

ቤቱ ይስቃል። ሴድሪክም ይስቃል፣ ከዚያ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። የሚያበግናት ይህ ነበር። ምንም ብትሰጠው ይጣፍጠዋል!

ሲጠግብ ይነሣል። እሳቱ አጠገብ፣ በአባቷ ወንበር ጀርባ ላይ አንድ እጁን ጥሎ ይዘፍናል። «አደራ የኔ ልጅ፣ በሩን ጠብቂልኝ።» በሩን! እዚች ቃል ላይ ሳህን የሰበረችበት እሑድ ብዙ ነው። አባቷ «በሩን» አላለም። ይህን በነፍሷ ታውቃለች። ምን እንዳለ ግን ጠፋት። የሴድሪክ «በሩን» በየሳምንቱ በመስኮቷ እየገባ፣ የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ተፈልፍሎ ባለቤቶቹን ገፍቶ እንደሚጥለው የኩኩ ወፍ ጫጩት፣ የአባቷን ቃል ከልቧ ገፍቶ ጣለው። ዘፈኑን የሰረቀው ከመጠጥ ቤቱ ነው፣ አባቷን ግን ከጭንቅላቷ ውስጥ ሰረቃት። ያቺ ቃል ከሌለች ደግሞ ሁለተኛው ግጥም አይነሣም። ሆሬስ ነጭ ዋላ ውስጥ ያልዘፈነው፣ ለእሷ ብቻ ያዜመው ግጥም አለ፤ የሚጀምረው በዚያች ቃል ነው። ቁልፉ ጠፍቶ ቤቱ ተዘግቶባታል። የዘፈኑን ግማሽ ይዛ ደግሞ ሌባ ፊት መቆም አልፈለገችም።

ባለፈው ኅዳር ዝናቡ አላባራ አለ። ወንዙ ሞልቶ ቡናማ ጀርባውን ከጣሪያዎቻችን በላይ አሳየን። እሑድ ጠዋት ሙሪየል ድንች ስትልጥ፣ ፐርሲ በወጥ ቤቱ የጓሮ በር እርጥብ እንዳለ ገባ። አርጅቷል፤ ከሆሬስ ጋር በወንዙ ላይ ከሠሩት የቀረ እሱ ብቻ ነው። ዶሚኖው አሁንም ከኪሱ አይለይም። ሴድሪክ ዘፈኑን ከነጠቀበት ቀን ወዲህ ግን ሙሪየልን ዓይኗን ትክ ብሎ አይቷት አያውቅም።

«ፐርሲ! ጭቃህን ወለሌ ላይ!»

«ወለልሽ ይታጠባል፣ ዳክዬዬ። ወንዙን አይተሽዋል? የወንዝ ቢሮው ልጆች ‹ግድቡ አስተማማኝ ነው› ይላሉ በስልክ። ግድቡ! ግድብ ይላሉ፣ የከተማ ልጆች። በእግሬ ሄጄ አየሁት። ዳሩ ይዟል። አባትሽ ቢኖር እንደሚለው፣ ዳሩ ይዟል።»

ድንቹ ከእጇ ወደቀ።

«ምን አልክ?»

«ይዟል አልኩ።»

«ከሱ በፊት!»

«ዳሩ። ዳሩ ነዋ! ወንዝ ጠባቂ ግድቡን ሌላ ምን ይለዋል? ምነው፣ የሞተ ሰው ያየሽ መሰልሽ?»

እውነትም አይታለች። ትራሱን ተደግፎ፣ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ሲሄድ አየችው። «በሩን» ለማለት ከንፈር ከከንፈር መግጠም አለበት። እዚያች ቃል ላይ የአባቷ ከንፈር ተከፍቶ ነበር። ዳሩን። ዳሩን ጠብቂልኝ። ሁለቱ ቃላት በጆሮ መንትያ ናቸው፤ ጎርፍ በፋኖስ ያልጠበቀ፣ የድንች ገበሬ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ከየት ይለያል? የማር ድምፁ ይዞት የዞረው የሌላ ሰው በር ነው። ሁለተኛው ግጥም ወዲያው፣ ሳትጠራው፣ ቦቲውን እንዳጠለቀ ገባ።

ሙሪየል እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሴድሪክ ዛሬ ይመጣል?»

«መምጣቱን ይመጣል። አይዘፍንም እንጂ። ጎርፉን ፈርቶ ድንች ጫኞቹ ላይ ሲጮህ ሰንብቶ ድምፁ ሄዷል። እንደ ዝይ ነው የሚያፏጨው።»

«ጉሮሮው ነው?»

«ጉሮሮው።»

ሙሪየል ሳቀች። ፐርሲ ሳቋን ሰምቶ ዓይኑን ቦቲው ላይ ጣለ።

«ሙሪየል፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያደረገውን።»

«ሰውየው ታሟል እኮ።»

«አባቴስ ደህና ነበር? ዶሚኖህን ይዘሃል?»

ኪሱን ዳበሰ። «ይዣለሁ።»

«ያን ቀን የጠየቅከውን ዛሬም ትጠይቃለህ። ድምፅህ እንዳይሟሽሽ ብቻ።»

ፐርሲ ያኔ ነው ቀና ብሎ ያያት።

በዚያን ቀን ምሳ ላይ በመስኮቷ የወጣው የሴድሪክ ሳህን ቤቱን አስገረመው። ለስላሳው ሥጋ፣ ወርቅ የመሰለ ድንች፣ እንደ ዘውድ የቆመ ፑዲንግ። ሴድሪክ አንገቱ ላይ በጠመጠመው ሻርፕ ውስጥ ሆኖ ሳህኑን ዙሪያውን አየው።

«ምን ነካት?» አለ በዝይ ድምፁ።

«ዝም ብለህ ብላ!» አለችው ብሬንዳ። «ልደትህ መስሏት ይሆናል።»

በላ። ግን እንደ ድሮው አልሳቀም። ሰው ሊያርደው ያሰበውን በግ ምን እንደሚያበላው የገበሬ ልጅ ያውቃል።

ሳህን ተነሣ። ዶሚኖው ጮኸ። «ጸጥታ፣ ወገኖቼ! ሴድሪክ፣ ተራህ ነው።» ሴድሪክ በእጁ ጉሮሮውን አሳየ። ይለፈኝ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ሙሪየል ከነሽርጧ፣ ዱቄት በክርኗ ላይ፣ መሃል ቆመች።

«ሴድሪክ ካቃተው እኔ እዘፍንለታለሁ።»

ወጣቶቹ አጨበጨቡ። በዕድሜ የገፋነው ብርጭቆዎቻችንን አየን። እነዚያን ቃላት እናውቃቸዋለን። ሴድሪክም ያውቃቸዋል፤ ጣቱን አንሥቶ እንቢ አለ። ጣቱ እዚያው አየር ላይ ቀረ፣ እሷ ጀምራለች።

ድምፅዋ የሚያምር አይደለም። ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ነው። ግን ነፋሱ እውነት አገሣ፣ ሸምበቆው እውነት ታመመ። «አደራ የኔ ልጅ» አለችና ሴድሪክን እያየች፣ እያንዳንዷን ፊደል በጥርሷ ይዛ፣ «ዳሩን ጠብቂልኝ» አለች። ከእሳቱ ወዲህ አንድ ሽማግሌ «ዳሩን…» ብሎ ቃተተ። በየሳምንቱ ስንሰማው የኖርነው በር የማን ቤት በር እንደነበር ያኔ ጠየቅን። እሷ አልቆመችም፦

«ዳሩ የጠና ለት፣ አገሩ ይተኛል፣
ዳሩ የላላ ለት፣ ማን ቤቱ ይገኛል፤
መሃሉን ለበላ፣ ዳር ያለውን ረስቶ፣
ይመጣል አንድ ቀን፣ ውሃው በሩን ከፍቶ።»

«በሩን» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሴድሪክ ውጭ የሚወርደውን ዝናብ አዳመጠ። ሰም የመሰለው ዘፈን ውስጡ ወርቅ ነበረ፣ ወርቁም ስለት ነበረው። ፊቱ ከሻርፑ በላይ አመድ መሰለ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ፉጨት ነው።

ፐርሲ ዶሚኖውን መታ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ዘለለ።

«የማን ነው?»

ከጥግ አንዱ «የፓስክ» አለ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ቤቱ ጣሪያውን እስኪያነሣ፣ «የፓስክ! የፓስክ!»

ሴድሪክ ተነሣ። ቢራው በግማሽ ነው። ካርቶኗን ከሥር አንሥቶ የብርጭቆውን አፍ ከደነ፣ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ እፍኝ ዝናብ ገባ።

«ጠጪው፣ ሙሪየል!» አለ አንዱ እየሳቀ። «የአንቺ ተራ ነው! ጨልጪው!»

ሙሪየል ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ይህችን ቀን ድንች እየላጠች አልማታለች። ካርቶኗን በጣቷ ፈንጥራ ስትጥላት፣ ቢራው በጉሮሮዋ ሲወርድ፣ ሁሉንም። ካርቶኗን አነሣች። ቢራውን አየችው። መልሳ ከደነችው።

«ማንም እንዳይነካው።»

ብሬንዳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ ዳክዬዬ፣ እንዴት ያለ መልካም ልብ ነው ያለሽ!»

«መልካም ልብ የት አየሽብኝ? አባቴ የሚመለስበትን ብርጭቆ እሱ ጠጣበት። የሱ ግን ይጠብቀዋል። ነገም ይኑር፣ በሚመጣው እሑድም ይኑር። አረፋው ይሙት፣ አቧራ ይቅመስ። ተመልሶ ይመጣና፣ ቆሞ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እያየሁት፣ እስከ አተላው ይጠጣዋል።»

ያለችው «ከዚህ» የአባቷ ወንበር ነው። ገና የሴድሪክ ሙቀት አለበት። በሽርጧ ጫፍ መቀመጫውን ጠረገችና ተቀመጠች። እግሮቿ በዚያ ቤት ሲያርፉ መጀመሪያ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

«ሳህን አምጪልኝ፣ ብሬንዳ። ራበኝ።»

«የኔ እናት፣ የቀረው ያልተነፋው ነው። ያንቺ እንቁራሪት።»

«አምጪው።»

ብሬንዳ ሥጋውን ከጅማቱ፣ ፑዲንጉን እንደተጋደመ፣ መረቁን አፍስሳበት አመጣች። ቤቱ ሁሉ ሹካዋን ያያል። ሙሪየል ቆረሰች፣ መረቁ ውስጥ አጠቀሰች፣ ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች። ፊቷ ተቋጠረ።

«ይሄ መረቅ ጨው የለውም እኮ! ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

እርስ በርሳችን ተያየን።

«ይቅርታ» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«ጨው» አለች እጇን ዘርግታ። ዓይኗን ከተከደነው ብርጭቆ ሳትነቅል ነሰነሰችበትና፣ መብላቷን ቀጠለች።